ከአክሱም በኋላ ከተሞቹ የት ገቡ?

መንገደኛ

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። ሁሌም የሚያበሳጨኝን ነገር ላንሳና ተወያዩበት።

ትምህርት ቤት የተማርነው የከተሞች ታሪክ በአራት መስመር ያልቃል። አክሱም ነበረች፣ ወደቀች። ቀጥሎ ላሊበላ ተፈለፈለ። ከዚያ ነገሥታቱ በድንኳን ዞሩ። መጨረሻ ላይ ፋሲል በ1636 ጎንደርን ቆረቆረ። በቃ። ከአክሱም መዳከም እስከ ጎንደር ሺህ ዓመት ገደማ አለ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰው ገበያ አልወጣም? ከባሕር ማዶ ዕቃ አላስመጣም? ቤት አልሠራም?

የእኔ ግምት ይሄ ነው። ከተሞቹን የምንፈልጋቸው ንጉሡ የተቀመጠበት ቦታ ብቻ ነው። ነጋዴው የሄደበትን መንገድ ብንከተል ግን ሌላ ካርታ ይወጣል። ከቀይ ባሕር እስከ ሸዋ፣ ከወደቡ ከዘይላ እስከ ሐረር ያለውን የምታውቁትን ጣሉበት። የዛሬውን ድንበር ለጊዜው እርሱት። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ እንጻፍ፣ አለዚያ እንምታታለን።

ተጠራጣሪው

መንገደኛ፣ ጉጉትህ ደስ ይላል። ግን የምኞት ታሪክ እንዳይሆንብህ። የመካከለኛው ዘመን ከተማ የሚባለው አጥር ያለው፣ በር ያለው፣ የድንጋይ ቤት የተደረደረበት ነው። እኛ ጋ ምን ልታሳየኝ ነው? አጥር ከሌለ ትልቅ መንደር ነው። ስሙን ማሳመር አያስፈልግም።

ጡረተኛው_መምህር

ልጄ ተጠራጣሪው፣ በአጥር ከሄድክ አክሱምንም ልታወጣት ነው። አክሱም የከተማ ቅጥር አልነበራትም። በ3ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ፋርሳዊው ማኒ ደግሞ ከዓለም አራት ታላላቅ መንግሥታት አንዱ ብሎ ከሮም፣ ከፋርስና ከቻይና ጋር የቆጠረው የአክሱምን መንግሥት ነው። አጥር የሚሠራው የሚፈራ ነው። አክሱም በጉልበቷ ዘመን የምትፈራው ብዙ አልነበራትም።

ደግሞ አክሱም ብቻዋን አልበቀለችም። ከእሷ በፊት የሓ አለች። የየሓ ቤተ ጣዖት የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ነው። ለአልመቃህ የተሠራ ነው፣ ከደቡብ ዓረብ ጋር የሚጋሩት አምላክ። ድንጋዮቹ ያለ ምንም ማጣበቂያ የተገጣጠሙ ናቸው። በመካከላቸው ምላጭ አይገባም። ግድግዳው ዛሬም ከ12 ሜትር በላይ ቆሟል። አጠገቡ ግራት በዓል ገብሪ የሚባል የትልቅ ሕንፃ ፍርስራሽ አለ፣ እሱ ደግሞ ይቀድማል።

ከየሓ ትንሽ ራቅ ብሎ ቤተ ሰማዕቲ አለች። ዓለም የሰማት በ2019 ነው። የአካባቢው ሰው ግን ጉብታውን ድሮም ያውቀዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ገብቶባት፣ እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ዓ.ም. ድረስ ኖረባት። አንድ ሺህ አራት መቶ ዓመት ማለት ነው። የ4ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ወጥቶባታል። ከዚያው ቦታ የበሬ ራስ የተቀረጸበት፣ ቀይ የከበረ ድንጋይ ያለው የወርቅ ቀለበት ተገኝቷል። መስቀል ያለበት የአንገት ድንጋይም ወጥቷል። የቀድሞው እምነትና አዲሱ እዚያው አንድ ሰፈር ውስጥ ናቸው። እንግዲህ ይህችን መንደር ትላታለህ?

ቀይ_ባሕር

ጋሼ፣ ወደ ባሕሩ ሲወርድ ያለውን እኔ ልጨምር። ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ያለው ማለቴ ነው።

በ1ኛው ክፍለ ዘመን አንድ በግሪክኛ የሚጽፍ ሰው ለቀይ ባሕር ነጋዴዎች መመሪያ ጽፏል። ስሙን አልነገረንም። ነገር ግን ነጋዴ እንደሆነ ያስታውቃል፣ ሁሉን ነገር የሚያየው በዕቃ ዓይን ነው። የአክሱም ወደብ በሆነችው አዱሊስ ላይ ዝሆን ጥርስ፣ የኤሊ ልብስና የአውራሪስ ቀንድ ይገዛል ይላል። የሚገባው ደግሞ ጨርቅ፣ ብርጭቆ፣ ናስ፣ ብረት፣ መጥረቢያ፣ ትንሽ ወይን ጠጅና ዘይት። ከአዱሊስ ሦስት ቀን ወደ ውስጥ ሲኬድ ቆሎኤ የምትባል ከተማ አለች፣ የዝሆን ጥርስ የመጀመሪያ ገበያ እሷ ናት። ከእሷ አምስት ቀን ሲኬድ አክሱም። ስለ ንጉሡ ስለ ዞስካሌስም ጽፏል። ለገንዘብ ስስታም ነው፣ ግን የግሪክን ጽሕፈት ያውቃል ይለዋል። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የታማ ሰው!

ቆሎኤ የትኛዋ ናት የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ግማሹ ቆሓይቶ ይላል፣ ግማሹ መጠራ። ሁለቱም ከአዱሊስ ወደ ደጋው በሚወጣው መንገድ ላይ ናቸው። ቆሓይቶ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ሜዳ ናት። ሳፊራ የሚባለው የጥንት ግድብ 67 ሜትር ይረዝማል፣ አሁንም ውሃ ይይዛል። መጠራ ሰንዓፈ አጠገብ ናት። እዚያ በ1960ዎቹ አካባቢ ፍራንሲስ አንፍሬ ሲቆፍር ትልልቅ ግቢዎች፣ ቤተ ክርስቲያኖችና ጠባብ መንገዶች ወጡ። አንድ የነሐስ ዕቃ ውስጥ ደግሞ የወርቅ መስቀሎችና የሮማ የወርቅ ሳንቲሞች ተደብቀው ተገኙ። ማን እንደደበቃቸው እንጃ፣ ግን ተመልሶ አልወሰዳቸውም።

አዱሊስን በተመለከተ፣ በ1868 ከናፒየር ጋር ወደ መቅደላ የዘመቱት እንግሊዞች ዙላ ላይ ሲያርፉ እግረ መንገዳቸውን ቆፈሯት። በ1906 ጣሊያናዊው ፓሪቤኒ ደገመ። አብዛኛው ክፍሏ አሁንም አፈር ስር ነው።

ድንጋይ_ወዳድ

ስለ አክሱም አንድ ነገር ልበል፣ ሙያዬ ግንባታ ስለሆነ ዓይኔ እዚያ ላይ ያርፋል።

ሰው ሐውልቶቹን ሲያይ ቁመታቸውን ይቆጥራል። የወደቀው 33 ሜትር ነው፣ ከ500 ቶን በላይ። ከሮም የተመለሰው 24 ሜትር ነው። በ1937 ተወሰደ፣ በ2005 በሦስት ቁራጭ ተመለሰ፣ በ2008 ቆመ። ይሄን ሁሉም ያውቀዋል። ጎናቸውን ግን ማን ያያል?

ቀረብ ብላችሁ እዩት። ከታች በር አለ፣ ከነመቆለፊያው የተቀረጸ። ከሱ በላይ ፎቅ በፎቅ መስኮት ነው። በየፎቁ መሃል ክብ ክብ ጉብታዎች ተደርድረዋል። የዝንጀሮ ራስ ይባላሉ። ጌጥ ይመስላሉ፣ ግን ከጌጥ በፊት የግንባታ ዕቃ ነበሩ። የአክሱም ግንበኛ ድንጋይና ግንድ እያፈራረቀ ነው የሚሠራው። አንድ ረድፍ ድንጋይ በጭቃ፣ ከላዩ አግዳሚ ግንድ፣ እሱን የሚያስሩት ደግሞ ግድግዳውን አቋርጠው ወደ ውጭ የሚወጡ አጫጭር ግንዶች። ጉብታው የእነዚያ ግንዶች ጫፍ ነው። ደብረ ዳሞ ወይም ይምርሐነ ክርስቶስ የሄደ ሰው እውነተኛውን እንጨት አይቶታል።

ይሄ ለምን ይጠቅማል? የአክሱም ቤቶች አብዛኞቹ የቀሩት እስከ ጉልበታቸው ነው። አክሱም ያለው የዱንጉር ፍርስራሽ ሄዳችሁ ካያችሁ የመሠረትና የደረጃ ጫካ ነው። ከላይ ምን ይመስሉ እንደነበር የነገረን ሐውልቱ ነው። ድንጋይ ጠራቢው በዙሪያው የሚያየውን ቤት ነው የገለበጠው። እርግጥ የወደቀው ላይ 13 ፎቅ ቀርጿል፣ ያንን ያህል የሚደርስ ቤት አልነበረም። ለሙት ትንሽ ማጋነን ያለ ነው።

የሳንቲም_ሰው

እኔን ካልጠራችሁኝም ራሴ መጣሁ 😄

ከተማ ነበረ ወይስ አልነበረም ብላችሁ ከምትከራከሩ ኪሳቸውን ፈትሹ። አክሱም ከ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ሳንቲም መትታለች። በወርቁ ላይ ያለው ጽሑፍ ግሪክኛ ነው፣ ምክንያቱም ወደ ውጭ የሚወጣው እሱ ነው። ነሐሱ ላይ ቀስ በቀስ ግዕዝ ገባ፣ ምክንያቱም የሚገበያይበት የአገሩ ሰው ነው። አንዱ የነሐስ ሳንቲም ላይ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል አለ። ንጉሥ ለገበያተኛ ደስ ይበላችሁ ሲል አስቡት።

አንድ ነገር ደግሞ ሌላ ቦታ አታገኙም። ነሐሱና ብሩ ላይ፣ መስቀሉ ወይም የንጉሡ ራስ ዙሪያ ብቻ፣ ቀጭን ወርቅ ይቀባል። ጥፍር የምታክል ቦታ ናት። ያንን በእያንዳንዱ ሳንቲም ላይ የሚሠራ ባለሙያ ያላት ቦታ ከተማ ናት። መንደር እንዲህ አይጨነቅም።

ኢዛና ክርስቲያን ሲሆን ጨረቃው ወጥቶ መስቀሉ ገባ። ይሄ በ4ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። ካሌብ በ525 አካባቢ ወደ የመን ሲዘምት ሳንቲሙም ባሕሩን ተሻገረ። ኤደን አካባቢ በተገኘ አንድ ድብቅ ክምችት ውስጥ ብቻ በብዙ መቶ የሚቆጠር የአክሱም ወርቅ አለ።

ውድቀቱም ሳንቲሙ ላይ ይታያል። መጀመሪያ ወርቁ ይሳሳል፣ ከዚያ ይቀራል። በ7ኛው ክፍለ ዘመን ሳንቲም መምታት ራሱ ቆመ። ፋርስ የመንን በ570ዎቹ ይዛለች። ከዚያ የእስልምናው መንግሥት ተነሣ፣ በ702 ዓረቦች የቀይ ባሕር ደሴቶችን፣ ዳህላክን ያዙ። የንግዱ ዋና መሥመርም ወደ ፋርስ ባሕረ ሰላጤ አዘነበለ። በዚያ ላይ በአክሱም ዙሪያ ያለው ተራራ ዛፉ አልቆ አፈሩ ታጥቧል። ሁለቱ ሲደራረቡ ከተማዋ ራሷን መመገብ አቃታት።

ተጠራጣሪው

እሺ፣ አክሱምን ተውኩላችሁ። ከዚያ በፊትም አልካድኩም። የመንገደኛ ጥያቄ ግን ከ700 በኋላ ያለው ነው። አንዳችሁም አልነካችሁትም።

ሳንቲም ከሌለ፣ ጽሑፍ ከሌለ፣ ምን ይዛችሁ ነው ከተማ የምትሉት? «ዮዲት ጉዲት አጠፋችው» እንዳትሉኝ ብቻ።

ጡረተኛው_መምህር

እሷን አላነሣም። ኢብን ሐውቀል የሚባለው ዓረብ ጸሐፊ በ10ኛው ክፍለ ዘመን ሐበሻን የያዘች ንግሥት እንዳለች ጽፏል፣ የቀረውን አፈ ታሪክ ሞልቶታል።

ቁም ነገሩ ሌላ ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን አል-ያዕቁቢ፣ በ10ኛው ደግሞ አል-መስዑዲ የሐበሻ ንጉሥ መቀመጫ ብለው አንድ ትልቅ ከተማ ይጠራሉ። ኩባር ይሏታል፣ አንዳንዴም ካዕባር። ቦታዋ እስከ ዛሬ አልተገኘም። መንግሥቱ ግን አለ፣ ከተማም አለው፣ ከዳህላክ የሚመጣው ነጋዴም ያውቃታል።

ሁለተኛው ማስረጃ በእጅ የሚዳሰስ ነው። መቀሌ አጠገብ ኩሓ፣ ቢለት የሚባለው ቦታ፣ በዓረብኛ የተጻፉ የመቃብር ድንጋዮች ወጥተዋል። ከ10ኛው እስከ 12ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው። በትግራይ ደጋ እምብርት ላይ ሙስሊሞች ኖረው፣ ሞተው፣ በወጉ ስማቸው ተጽፎ ተቀብረዋል። መቃብር ያለው ቤተሰብ መንገደኛ አይደለም፣ ነዋሪ ነው። ለምን እዚያ? ከአፋር ዝቅታ የሚወጣው የጨው መንገድ እዚያ ስለሚያልፍ። ዳህላክ ደሴት ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ የመቃብር ድንጋይ በመቶ ይቆጠራል። ሁለቱን ጫፎች አገናኛቸው፣ መንገዱ ይታይሃል።

ጨውና ወርቅ በዚህ አገር ለረጅም ጊዜ አብረው ሄደዋል። ኮስማስ የሚባለው የ6ኛው ክፍለ ዘመን ነጋዴ አዱሊስ ድረስ መጥቶ ነበር። የአክሱም ነጋዴዎች ሳሱ ወደሚባለው የወርቅ አገር እንዴት እንደሚሄዱ ጽፏል። ከአምስት መቶ የሚበልጡ ሆነው ይወጣሉ። ሲደርሱ እሾህ ያጥሩና በሬ ያርዳሉ። ሥጋውን፣ ጨውና ብረቱን አጥሩ ላይ ያስቀምጣሉ። የአገሩ ሰው ይመጣና የፈለገው ዕቃ ላይ ወርቅ አስቀምጦ ይርቃል። ባለ ሥጋው ወርቁ ከበቃው ያነሣዋል፣ ካልበቃው ይተወዋል። ያኛው ተመልሶ ወይ ይጨምራል ወይ ወርቁን ይዞ ይሄዳል። ቃል አይለዋወጡም፣ ቋንቋ የለማ! ገበያው እንዲህ አምስት ቀን ያህል ይቆያል። ደርሶ መልሱ ስድስት ወር ነው። እንዲህ ያለ ንግድ መነሻና መድረሻ ከተማ ሳይኖረው አይሆንም።

ፈረስ_መጋላ

አቦ፣ ምሥራቁን ስትዘሉት ዝም ልል ነበር፣ አልቻልኩም!

ተጠራጣሪው፣ አጥር ትፈልጋለህ? የሐረር ግንብ፣ ጁገል አለልህ። በር ትፈልጋለህ? አምስት። ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። ስድስተኛው በኋላ የተከፈተ ነው። በሮቹ ዝም ብለው አልተቀመጡም። እያንዳንዱ ወደ አንድ የንግድ መንገድ ይወጣል፣ ከተማውም በእነሱ ልክ በአምስት ሰፈር የተከፈለ ነው። የድንጋይ ቤት ትፈልጋለህ? ግባና ነደባ ላይ ተቀመጥ። ነደባ ማለት ሳሎኑ ውስጥ ከፍና ዝቅ እያለ የተሠራው መቀመጫ ነው። ማን የት እንደሚቀመጥ እንደየደረጃው ይታወቃል፣ እንግዳ ዝም ብሎ ያገኘው ቦታ ላይ ዘፍ አይልም።

ግንቡን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ። ከተማዋ ግን ከግንቡ ትቀድማለች። አንዳንዶቹ መስጊዶች የ10ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው ይባላል። የአዳል ሱልጣን መቀመጫ ከደከር ወደ ሐረር የዞረው በ1520 ነው። ያኔ አጥር አልነበረም። አሚሩ ያጠሩት ከኢማም አሕመድ ጦርነት በኋላ፣ ሁሉም ወገን ደም ተቀብቶ ሲደክም ነው። ጋሼ «አጥር የሚሠራው የሚፈራ ነው» ያሉት እዚህ ላይ ልክ ነው።

አሁን ደግሞ ከሐረር የሚቀድመውን ልንገራችሁ፣ ሐርላን። ድሬዳዋ አጠገብ ነው። ገበሬው ሲያርስ ትልልቅ ጥርብ ድንጋይ ያገኝ ነበር። ይሄን የሚያነሣ ሰው እንደኛ አይደለም፣ ግዙፎች ናቸው የኖሩበት ይባል ነበር። ከ2015 ጀምሮ ቲሞቲ ኢንሶል የሚባል ተመራማሪ ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ ቆፈረው። የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ወጣ። ግዙፍ አጥንት አልወጣም፣ የወጣው ትንንሽ ነገር ነው። የብርጭቆ ዶቃ፣ ከማልዲቭስ የመጣ ዛጎል፣ የቻይና ሸክላ ስብርባሪ፣ የግብፅ ሳንቲም። ጌጣጌጥ የሚሠራበት ወርክሾፕም ተገኘ። ጥሬ ዕቃው ከባሕር ማዶ ይመጣል፣ እዚያው ይሠራል፣ ወደ ውስጥ ይሸጣል። ይሄ እንግዲህ ላሊበላ በሚፈለፈልበት ዘመን ነው። የትምህርት ቤት መጽሐፋችን ግን ድንኳን እያለ ያልፋል።

ይፋት_ማዶ

ፈረስ_መጋላ፣ አፍሽ ቁርጥ ይበልልኝ።

ከሐርላ ወደ ምዕራብ የሚመጣው መንገድ የት ይሄዳል? እኛ ጋ። ከዘይላ የተነሣ ግመል በረሃውን አቋርጦ የሸዋ ተራራ ስር ይደርሳል። እዚያ ግመሉ ይቆማል፣ በቅሎው ይረከባል። ጭነት የሚራገፍበት ቦታ ደግሞ ከተማ ይወልዳል። አስበሪ፣ መሳልና ኖራ የሚባሉ ፍርስራሾች በዚያ ገደላማ መሬት ላይ አሉ። መስጊድ፣ ቤት፣ መቃብር። የኖራ መስጊድ ግድግዳ ዛሬም ቆሟል። ፈረንሳዮቹ ተመራማሪዎች በ2000ዎቹ ነው ለዓለም ያሳወቋቸው። የይፋት ሱልጣኖች፣ ወላስማዎች፣ የገዙት አገር ነው።

አል-ዑመሪ የሚባል የግብፅ ጸሐፊ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሰባት የሙስሊም ግዛቶች ቆጥሯል። ይፋት፣ ደዋሮ፣ ሐድያ፣ ባሌ… እያለ። ተጠራጣሪው «ጽሑፍ የለም» ያልከው ግዕዝ ብቻ ስለምትፈልግ ነው። ዓረብኛው ሞልቷል።

ተጠራጣሪው

ፍርስራሹን አምኛለሁ ብዬ ልለፍ። ግን እነዚህ ሁሉ ሰፋፊ ገበያዎች ናቸው እንጂ… ከሮምና ከካይሮ ጋር የሚወዳደሩ አይደሉም። ዘይላን ራሷን ኢብን ባቱታ ምን እንዳላት ታውቃላችሁ አይደል?

ፈረስ_መጋላ

እናውቃለን 😂 በ1331 መጣና በዓለም የቆሸሸች፣ የምትገማ ከተማ አላት። ዓሣ በዛ፣ ግመል መንገድ ላይ ይታረዳል ብሎ። ሽታውን ፈርቶ መርከብ ላይ አደረ። ግን እንዴት እንደጀመረ አንብብ፦ ትልቅ ከተማ ናት፣ ትልቅ ገበያ አላት ይላል። ባዶ መንደር እንዲህ አይገማም ወንድሜ። የሚታረድ ግመልና የሚበላው ሕዝብ ያስፈልጋል።

ጎበዝ_አንባቢ

ድንኳኑንም አትናቁት። ፖርቱጋላዊው አልቫሬዝ በ1520ዎቹ የልብነ ድንግልን ሰፈር አይቶ በዝርዝር ጽፎታል። የንጉሡ ድንኳን መሃል ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኖቹ በድንኳን፣ ገበያው በራሱ ቦታ፣ እያንዳንዱ ሹም በቀኝ ወይም በግራ የተመደበለት ሥፍራ። ሰፈሩ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ሲተከል ሁሉም ቦታውን ያውቃል። ቦታው ጠፍቶት የሚጠይቅ የለም። የከተማ ፕላን አለ፣ መሬቱ ነው የሚቀያየረው።

ለምን ይዞራሉ? ዋናው ነገር ሆድና እንጨት ነው። በሺዎች የሚቆጠር ሰው፣ በቅሎና ፈረስ አንድ ቦታ ሲቀመጥ የአካባቢው እህል ያልቃል። ማገዶውም ያልቃል። ግብሩ በእህልና በከብት ስለሆነ ደግሞ እህሉን ወደ ንጉሡ ከማጓጓዝ ንጉሡ ወደ እህሉ ቢሄድ ይቀላል። ፖለቲካም አለበት፦ ዓይኑን ያላየ ባላባት ይሸፍታል።

ቋሚ መቀመጫም ቢሆን ተሞክሯል። ዘርዓ ያዕቆብ በሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ተብሎ ደብረ ብርሃንን ሠርቶ ብዙውን የመጨረሻ ዘመኑን እዚያ ቆየ፣ በ1468 እስኪሞት። ለዘውዱ ሥርዓት ግን በ1436 አክሱም ሄዷል። ከተማዋ ብትዳከምም ንጉሥ የሚያደርገው ቦታ እሷ ናት።

ከዚያ በላይ የሚገርመኝ ባራራ ናት። በ1450 አካባቢ ቬኒስ ውስጥ ፍራ ማውሮ የሚባል መነኩሴ የዓለም ካርታ ሲሠራ ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሰምቶ ባራራን አስገብቷታል። ሸዋ ውስጥ ናት። ከኢማም አሕመድ ጦርነት በኋላ ስሟ ጠፋ። ሪቻርድ ፓንክረስትና ሃርትቪግ ብሬተርኒትዝ ቦታዋን ሲፈልጉ ከዛሬዋ አዲስ አበባ አካባቢ ነው ዓይናቸው ያረፈው። አስቡት፣ ኮንዶሚኒየም ስር የቀረች ሊሆን ይችላል።

ድንጋይ_ወዳድ

ላሊበላን ሁሉም ሰው ስለ 11ዱ ቤተ ክርስቲያኖች ያወራና የከተማውን ነገር ይተዋል። እኔ የምጠይቀው የግንበኛ ጥያቄ ነው፦ የተፈለፈለው ድንጋይ የት ገባ?

ቤተ መድኃኔ ዓለም ብቻ ከ33 ሜትር በላይ ይረዝማል። ዙሪያው ያለው ጉድጓድ ሲጨመር የወጣው አፈርና ድንጋይ ተራራ ይሠራል። በ2010 የታተመ የፈረንሳዮቹ ጥናት ይሄንኑ ነው የተከተለው። ቤተ ክርስቲያኖቹ አጠገብ ያሉት ጉብታዎች ከቁፋሮ የወጣ ክምር ሆነው ተገኙ። ቦታውን ደርዝ በደርዝ ስታየው ደግሞ ሥራው ባንድ ጊዜ እንዳልተሠራ ይገባሃል። አንዱ ቦይ ሌላውን ይቆርጠዋል፣ የቀድሞው በር ገደል ላይ ይንጠለጠላል፣ አንዳንዱ ክፍል መጀመሪያ ለሌላ አገልግሎት የተሠራ ነው። በአንድ ንጉሥ ዕድሜ፣ በ12ኛው መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ፣ ሁሉም አላለቀም የሚሉት ለዚህ ነው። ድንጋይ ጠራቢው፣ ተሸካሚው፣ መጥረቢያ የሚሞርደው፣ እህል የሚያቀርበው፣ ይሄ ሁሉ ሰው የሆነ ቦታ ያድራል። ሮሃ፣ ማለትም የዛሬዋ ላሊበላ፣ እና አጠገቧ ያለችው አዳፋ ከተማ የሆኑት በእነሱ ነው።

መንገደኛ

ይሄን ነበር የፈለግኩት። ሁሉንም አንድ ላይ ሳስቀምጠው ሦስት መንገድ ይታየኛል። የመጀመሪያው አዱሊስ፣ ቆሓይቶ፣ መጠራ፣ የሓ፣ አክሱም። እሱ ሲቀዘቅዝ ዳህላክ፣ ኩሓ፣ ከዚያ ወደ ላስታ። በመጨረሻ ዘይላ፣ ሐርላ፣ ሐረር፣ ይፋት። ንጉሡ የትም ይሁን የት፣ ከተማው የበቀለው መንገዱ ላይ ነው።

ሐረር ላይ ኋላም ይሄው ታየ። የጅቡቲ ባቡር በ1902 ተራራውን መውጣት ትቶ ቆላው ላይ ሲቀር ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ንግዱ ዓይናችሁ እያየ ከጁገል ወርዶ ወደ ሐዲዱ ሄደ። ሐርላ ካለችበት አካባቢ ማለት ነው።

ተጠራጣሪው

ሐሳቡ አይከፋም። ጎንደርስ? እሷን መንገድ ወለዳት ልትለኝ ነው? ፋሲል ነው የሠራት፣ ግንቡም የንጉሥ ግንብ ነው። 900 ሜትር አጥር አለው፣ በነገራችን ላይ።

ጡረተኛው_መምህር

አጥሩ የግቢው ነው፣ የከተማው አይደለም። ግቢው የንጉሥ ነው፣ ልክ ብለሃል። መጀመሪያም ነገሩ የክረምት ማረፊያ ነበር። የፋሲል አባት ሱስንዮስ ደንቀዝና ጎርጎራ ላይ ሞክሮታል፣ ከእሱ በፊትም ሠርፀ ድንግል ጉዛራ ላይ። ዝናቡ ሲያቆም የጎንደር ነገሥታትም ዘመቻ ይወጡ ነበር፣ ድንኳኑ አልቀረም።

ታዲያ ደንቀዝ ፈርሶ ጎንደር ለምን ከተማ ሆነ? ቦታውን እይ። በአንድ በኩል በመተማ ወደ ሱዳን ይወጣል፣ ወደ ስናር። በሌላው በኩል ወደ ምጽዋ። ከደቡብ ወርቅ፣ ዝባድና ባሪያ ይመጣል፣ ከሰሜን ጨርቅና ጨው። ይሄን የሚያመላልሱት አብዛኞቹ ሙስሊም ነጋዴዎች ናቸው። በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጉባኤ ተሰብስቦ ሙስሊሞቹ ተለይተው ይኑሩ ተባለ። ቀሃ ወንዝ አጠገብ አዲስ ዓለም የሚባለው ሰፈር የእነሱ ሆነ። አባረሯቸው? አላባረሯቸውም። ማባረር አይችሉም ነበር። ቢያባርሩ ግቢው ውስጥ የሚነጠፈውን ምንጣፍና የሚለበሰውን ሐር ማን ያመጣል? ጳጳሱን ከግብፅ የሚያመጣው መንገድስ ቢሆን የማን ነው?

ስለዚህ ጎንደር ሄደህ የፋሲልን ግንብ ስታይ አዲስ ዓለምንም ውረድና እይ። ቤተ እሥራኤሎቹ አንጥረኞችና ግንበኞች የነበሩበትን ሰፈርም ጠይቅ። ግንቡን ያዘዘው ንጉሡ ነው፣ ከተማውን ያቆዩት ግን እነሱ ናቸው።

ተጠራጣሪው

ጋሼ፣ ለዚህ መልስ አጣሁለት አልልም፣ ነገ በደንቀዝ ጉዳይ እመለሳለሁ። ደንቀዝም እኮ መንገድ ላይ ነበረች።